ክዳን ያልነበራት ማነጣጠሪያ

ሶልትፖንድ፣ ማርች 30 ቀን 2006

ይድረስ ለአጎቴ ለኮቢና፣ ናቭሮንጎ

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሰሜኑ ሙቀትስ እያስተኛዎት ነው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ማሜም ደህና ናት። ሰላምታ አልላከችም፤ ግን ወረቀት ስዘረጋ አይታ «ለዚያ ለኮከብ ጠባቂ ነው?» ብላ ጠይቃለች። አያቴ ስትቀበር እርስዎ ጭራ ያለውን ኮከብ ሊያዩ ተራራ ላይ ከርመው ቀብር ካመለጠዎት ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምዎን ላላነሳች እህት፣ ይህም እንደ ሰላምታ ይያዝላት።

ስላልደወልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆሮዎ ስለደከመ በስልክ መጮህ አለብኝ። ስልክ ቤቱ ደግሞ ከዓሣ ገበያው ጋር ግድግዳ ይጋራል። የምጽፍልዎት ነገር የሚጮህ አይደለም። ለብቻዎ በጸጥታ ያነቡታል።

በላኩልን ቴሌስኮፕ የትናንቱን የፀሐይ ግርዶሽ ስንት ሰው አየ ላሉት፣ አርባ አንድ። መምህር ኦቱ እንደ ክፍል ተማሪ ስም እየጠሩ በመዝገብ አስገብተዋቸዋል፤ ያልተመዘገበ ቴሌስኮፕ አይነካም ብለው። ንፋሱስ ላሉት፣ አናጢው ኢሶን የቴሌስኮፑን እግር በአሸዋ ከረጢት አስሮት ንቅንቅ አላለም። ሴቶቹ ዓሣ ማጨሻቸውን ጥለው መጡ። አክስት ክራኩዋ አይታ «ልጆች፣ ፀሐይን የሆነ ሰው ገምጧታል!» ብላ ሰልፉን አሳቀችው። ወዲያው ሲጨልም ግን ሳቋ ጠፋ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጨለማ፣ አጎቴ! ዶሮዎቹ ተጠራርተው ገቡ። ቬነስ በቀን ወጣች። ክራኩዋ አሸዋው ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ በሰው ባል ላይ ያወራሁትን ሁሉ ይቅር በለኝ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ብርሃኑ ሲመለስ «ምንም አላልኩም» ብላ ካደች።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋት ለብሼው የነበረውን ቀሚስ ሳጥብ ግራ ትከሻው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። ዳሯ ተቃጥሏል። ካውያዬን ከሰኞ ወዲህ አልነካሁም። ስፌት ሥራዬ ነውና ብል የበላውና እሳት የበላው አይምታታብኝም። ቀሚሱን ይዤ ያጠብኩበት ውኃ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ትልቁ ቱቦ ላይ እንዳስተማሩኝ ብርሃን የሚያደክመውን ጥቁሩን መሸፈኛ በአራቱም ብሎን አሰርኩ፤ ነቀነቅኩ፤ ወደ ሰማይ ይዤ ቀዳዳ ፈለግኩበት። ፀሐይዋን ያገኘኋት በጥላ ነው፤ ቱቦው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ አጥሮ ክብ እስኪሆን እያዞርኩ። በማነጣጠሪያ ፀሐይ አይፈለግም ብለውኛልና ዘንድሮ ከጎኑ ወደጨመሩለት ወደዚያች ትንሽ ቱቦ ዓይኔን አላስጠጋሁም። ስላላስጠጋሁ መኖሯንም ረሳኋት። ያለ ክዳን፣ ያለ መሸፈኛ፣ ሰው ከሚያይበት ቦታ አንድ ስንዝር ራቅ ብላ፣ ለአጭር ሰው በሚመች ከፍታ አፏን ከፍታ ነበር። አጠገቧ ስቆም የፀሐይዋን ብርሃን አጥብባ የቀሚሴን ትከሻ የጠበሰችው እሷ ናት።

ቴሌስኮፑ የመጣበትን ሳጥን ገልብጬ አራገፍኩት። ክዳኗን ልከዋት ነበር? ከአርባ አንዱ አንዱ አጎንብሶ ቢያይባትስ? እስካሁን ማንም ዓይኔን አላለም። ይህ ደህና ምልክት ነው?

አዶማ

ናቭሮንጎ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2006

ልጄ አዶማ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ የአውቶቡስ ሹፌር በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ክዳኗ እዚህ ናት። ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ። ሳጥኑን በማሽግበት ቀን መስታወቷን ልወልውል ብዬ አወለቅኳት፤ ጎረቤት ጠራኝ፤ ተመልሼ ሳጥኑን በሚስማር መታሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለመምህር ኦቱም ይህችን መስመር አንብቢላቸው፤ በአንቺ ላይ እንዳይፈርዱ።

ማንም አለመጮኹ ደህና ምልክት አይደለም። ቁርጡን ልንገርሽ። እሳት የነካው ጣት ይጮኻል፤ የዓይን ጀርባ ግን ሕመም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይቃጠላል። ሰውየው ብልጭ ይልበታል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ይስቃል፤ ሄዶ ምሳውን ይበላል። ሲመሽ ወይም በነጋታው የሚያየው ነገር መሃሉ ይጠፋበታል። ዙሪያው አለ፣ መሃሉ የለም። መርፌ ሲያይ ቀዳዳዋ፣ ሰው ሲያይ ፊቱ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከሒሳብ ደብተር በትናንሽ ካሬ የተሰመረውን ወረቀት ቅደጂ፤ መሃሉ ላይ ነጥብ አድርጊ። አንድ ዓይን ይሸፈን፤ በሌላው ነጥቡን ይይ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ሁሉም ከታዩት ደህና ነው። ከተጣመሙ ወይም መሃል ላይ ከጠፉ አይደለም። ሁለቱንም ዓይን ለየብቻ ፈትኚ፤ አደራ። ደህናው ለታመመው ይዋሽለታል።

ምን ሰበብ ልፍጠር ብለሽ እንዳታስቢ። እውነቱን ንገሪያቸው፤ ግን አንድ በአንድ፣ በየቤታቸው። ገበያ መሃል አንዷ ዓይኔን ካለች እስኪመሽ አርባ ዕውር ታገኛለሽ። ነጥቡ የጠፋበትን ሰው ኬፕ ኮስት ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ቅጠል አይጨመቅበት፤ የጡት ወተት አይንጠብጠብበት። ይድናል ወይ ካልሽኝ፣ የአንዳንዱ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የአንዳንዱ አይመለስም። ከዚህ በላይ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ አርባ አንዱ ጻፍሽልኝ። እናትሽ በዚያ ሰዓት የት ነበረች?

ኮቢና

ሶልትፖንድ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2006

ይድረስ ለአጎቴ ለኮቢና፣

እንዴት ሰነበቱ? ሳምንት ስለቆየሁብዎ ይቅርታ፤ ሳምንቱን በእግሬ ጨረስኩት።

ማሜ ማንኬሲም ነበረች። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ቅርጫቷን ተሸክማ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት «እግዜር የሸፈነውን ለምን ትገልጣላችሁ» ብላ ረግማን ነው የሄደችው። እንኳንም ሄደች።

አሁን ውጤቱን ይስሙ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱን ፈትኜ ሁሉም ደህና ናቸው። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱን በር ግን አንድ ጊዜ አልፌው ተመልሼ ነው ያንኳኳሁት። አክስት ክራኩዋ ወረቀቱን ተቀብላ «ውይ፣ መስመሩ ሁሉ ተጣሟል!» ስትል የኬፕ ኮስት መኪና ልጠራ ተነሳሁ። ለካ የጎረቤቷን መነጽር አድርጋ ነው! አውልቃ ስታይ «እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ አየሁ» አለችኝ። ኢሶን ደግሞ «ሁለት ነጥብ አለ» አለኝ። ያን ዕለት ጠዋት የዘንባባ ጠጅ ቤት እንደነበረ ሚስቱ ከኋላው በምልክት ነገረችኝ። በነጋታው ተመልሼ ፈተንኩት፤ አንድ ነጥብ ነው።

መምህር ኦቱን ግን አልስቅባቸውም። የእርስዎን ደብዳቤ ከሰሙ በኋላ የራሳቸውን ዓይን ለመፈተን አንድ ቀን ፈጀባቸው። «ነገ እናድርገው አዶማ፤ ዛሬ ፈተና አርማለሁ» እያሉ። ያን መዝገብ በእጃቸው የጻፉ እሳቸው ናቸው። ደህና ናቸው።

የቀሩኝ ሦስት ናቸው፤ ኩማሲ የሄዱ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት የአኖማቦ ሴት። መልእክት ልኬላቸዋለሁ። በሕልሜ ሦስት ወረቀት ይዤ ስሮጥ አድራለሁ።

በከተማው ወሬው ጀምሯል። አንዷ ትናንት ያልተሰፋ ጨርቋን መልሳ ወሰደች፤ ምክንያት አልነገረችኝም። «ልብስ ሰፊዋ የሰው ዓይን ትቆጥራለች» ይባላል አሉ። ከሦስቱ አንዱ ታሞ ቢገኝ እዚህ መኖር የምችል አይመስለኝም።

ስለ ማሜ ጠይቀውኛልና፣ እርጅና ገብቷታል መሰለኝ። ሲያናግሯት እንደ ዶሮ ፊቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ነው የምታየው። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የፓስተሩን ሚስት «ክራኩዋ፣ ያ ቀሚስ አያምርብሽም» አለቻት፤ ምድር አፏን ብትከፍትልኝ በገባሁ። ማጨሻው ላይ እጇን ተጠበሰች። ግራ ዓይኗ ሞራ ከለበሰ ሁለት ዓመቱ አይደል? እሱ ብሶባት ይሆናል። አስገፍፊው ብንላት ቢላ ትፈራለች። ወረቀቱን ላሳያት ስል «ጨዋታችሁ ውስጥ አልነበርኩ፤ ፈተናችሁ ምን አገባኝ?» ብላ ቀማችኝና ዓሣ ጠቀለለችበት።

የሦስቱ ነገር እንደተሰማ እጽፋለሁ።

አዶማ

ናቭሮንጎ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2006

ልጄ አዶማ፣

የሠላሳ ስምንቱን ሰምቼ አመሰገንኩ። ምስጋናዬ ግን ገጹን ሳልገልጥ አለቀ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንቺም የራስሽን ጽሑፍ ከመጨረሻው ወደ ላይ አንብቢው።

ዶሮ በጎን የምታየው ዓይኗ በጎኗ ስለሆነ ነው። ሰው ግን በጎን የሚያየው መሃሉ ሲጠፋበት ነው። ሞራ እንደ ጭጋግ ሁሉንም ያደበዝዛል፤ መሃሉን ለይቶ አይበላም። ደግሞ ሞራ ሁለት ዓመት ቆይቶ በሁለት ሳምንት እጅ አያስጠብስም።

መዝገቡ የተሰለፉትን ነው የያዘው። እናትሽ ኤኩዋ ደግሞ ተሰልፋ አታውቅም። ልጅ ሆነን ውኃ ስንቀዳ እንኳ «እናቴ ታማለች» ብላ ፊት ትገባ ነበር፤ እናታችን በረንዳ ላይ እየዘፈነች።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ የኮከብን ነገር ወደ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ይመስለዋል። በጭነት መኪና ከአኖማቦ ስንመለስ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔ ስድስት፤ «ኮቢና፣ ጨረቃ ለምንድን ነው እኛን ብቻ የምትከተለን?» ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ዓሣ ገበያ ወረደች፤ ጥያቄውን ለእኔ ተወችልኝ። እርግማኗን እውነት አትበዪው። የማትወደውን ነገር ኤኩዋ አትረግምም፤ ዝም ነው የምትለው።

ልነሳና ልመጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ሻንጣ አወረድኩ። በእናቱ ቀብር ያልቆመ ሰው በምን እግሩ ነው በዚያ በር የሚገባው? ደግሞ ገብቼ ምን ልላት ነው? ይህን ያመጣባት እኔ ያወለቅኳት ክዳን ናት። አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለች፤ ላነሳት አልደፈርኩም።

ጠይቂያት። በወረቀት አይሆንም፤ በሌላ መንገድ። ፈጥነሽ ጻፊልኝ። እንደፈራሁት ካልሆነም «አልሆነም» ብለሽ አንዲት ቃል ላኪ።

ኮቢና

ሶልትፖንድ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2006

አጎቴ፣

አንዲት ቃል ያሉኝን አልቻልኩም። የሦስቱ መልእክት መጥቷል፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ከባድ ስለሆነ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ማጨሻው ቤት ሄድኩ። አፍንጫዬን ጥቀርሻ ቀብቼ። ማሜ ዓሣ ትከፍታለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው፤ የምታየው በጣቶቿ ነው።

«ማሜ፣ እስኪ ፊቴን እዪው።»

«ከተወለድሽ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ቢላውን አቀብዪኝ።»

«ምን አለበት?»

«ምን ይኖርበታል! ያው የአባትሽ አፍንጫ ነዋ።»

«አፍንጫዬ ላይ ምን አለ ማሜ?»

 ፊቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፤ ወደ ቀኝ አደረገች። እንደዚያ ስትፈልገኝ ማየት አልቻልኩም፤ እጇን ይዤ ጣቷን አፍንጫዬ ላይ አስቀመጥኩት። ጥቀርሻውን በጣቶቿ አሸችው። ታወቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረቡዕ።»

«ከየትኛው ረቡዕ?»

«ጨለማ የሆነበት ረቡዕ ስንት ነው አንቺ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሲከፋት እንደምትቆጣ ያውቃሉ።

የማንኬሲም መኪና ሰው አልሞላ ብሎ ቀርታለች። ቅርጫቷን መናኸሪያው ላይ ጥላ በጀልባዎቹ ጀርባ መጣች። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ እኔ ከመምህር ኦቱ ጋር ስለ ተራ እከራከራለሁ። «ትልቁ ላይ ሰው ነበረ። ትንሿ ባዶዋን ቆማለች» አለችኝ። «የእሱን ትልቅ ዕቃ ስነካ ክራኩዋ ብታየኝ እስከ ገና ታወራዋለች። ትንሿን ማን ያያል ብዬ አጎነበስኩ።»

«በየትኛው ዓይንሽ?»

«በሚያየው ነዋ! በሞራው ላይ ምን ልሠራ?»

«ምን አየሽ?»

«በጥፊ ተመታሁ። ነጭ ጥፊ።»

በዚያው ሄዳ ዓሣዋን ገለበጠች። ሲመሽ የክራኩዋ ፊት ጠፋባት። ይሻላል ብላ ጠበቀች። ይኸው ሃያ አራተኛ ቀኗ ነበር፤ በየማለዳው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያየች ቀዳዳው መጥበብ አለመጥበቡን ትለካለች። ከጎረቤት አንድም ሰው አላወቀም። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ብናገር አንቺን ከተማው ያባርርሻል። እሱ ደግሞ...» አለችና ተወችው። «እሱ ደግሞ ምን?» አልኳት። ቢላዋን ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ኬፕ ኮስት እንሄዳለን። ክዳኗን አንስተው ይጣሏት፤ ደግሞም አይጣሏት፤ እኔም ምን እንደምል አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ነን፤ እሷ በግድግዳው ወዲያ ናት፤ ማልቀሴን እንዳትሰማ የስፌት መኪናዬን ያለ ክር አሽከረክራለሁ።

አዶማ

ሶልትፖንድ፣ ሜይ 2 ቀን 2006

ለኮቢና፣

የምናገረው እኔ ኤኩዋ ነኝ፤ የምትጽፈው ልጅህ ናት። እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ።

ጤናህን አልጠይቅም፤ ለአዶማ የምትጽፈውን ሁሉ አስነብባታለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አስነብቤያታለሁ። ጉልበትህን በዘንባባ ዘይት እሸው።

(አጎቴ፣ ይህን እኔም አልጽፈውም ነበር፤ ግን እውነት ነው። «ልስማውና ልናደድ» እያለች ታስነብበኝ ነበር። አዶማ)

ክዳን ረሳሁ እያልክ የምታላዝነውን ተው። ዕድሜህን ሙሉ ነገር ስትረሳ የኖርክ ሰው ነህ፤ የተጠመቅክበትን ስም እንኳ ያስታወስኩህ እኔ ነኝ። ያጎነበስኩት በገዛ ወገቤ ነው። ማንም አልገፋኝም። ለአዶማም እንዲሁ ብያታለሁ፤ ስፌቷን ትስፋ።

የዓይን ሐኪሟ ትንሽ ልጅ ናት። በመብራት አየችኝ። ቀኙ መሃሉ ተቃጥሏል አለች። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ፤ ይሻለው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ቃል አልገባም አለች። ቃል አለመግባቷን ወደድኩላት። ግራውን ግን ሞራው ከተገፈፈ ያያል ብላለች፤ ለሜይ 18 ቀጥራኛለች። እምቢ ብዬ ወጣሁ። ቀኙን በመስታወት አጣሁት፤ የቀረውን በቢላ ላስነካ?

(እምቢ ያለችው በር ላይ ነው። ተመልሳ ገብታ «ቀኑን ግን አትሰርዢው» ብላታለች። አዶማ)

አሁን የምልህን ስማ። ዓይኔን ሰጥቼ ያየሁት አንድ ነጭ ጥፊ ነው። እነዚያ ሴቶች ያዩትን ልወቅ ብዬ ሁሉንም ጠየቅኩ። ክራኩዋ «የተገመጠ ብስኩት» ትለኛለች። ኢሶን «ቀንድ» ይለኛል። መምህር ኦቱ ሰሌዳ አምጥተው መሬትና ጨረቃ ሊስሉልኝ ነበር፤ ስዕሉ የት እንዳለ ጠፋኝ። አዶማ ልትነግረኝ ትጀምርና ታለቅሳለች። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ስትናገርም ረጅም ነህ፤ አታቋርጥም፤ ድሮ ይሰለቸኝ ነበር።

ስለ እናታችን ቀብር የማወራህ ሌላ ቀን ነው። አልተውኩትም፤ አታመልጠውም። የዚያን ቀን ልብ ካለህ ቁጭ ብለህ ትሰማኛለህ።

ለአሥራ ስምንተኛው ቀን ግን ቀድመህ ድረስ። ሐኪሟ ቢላው ሲገባ ነቅተሽ ነው የምትቆዪው፤ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ሊያወራሽ ይችላል ብላለች። አዶማ አትችልም፤ ታለቅሳለች ብያለሁ። አንተ ተቀመጥና ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ ጨረቃ እንዴት እንደመጣች፣ በየት በኩል እንደነከሰቻት፣ ሲጨልም ዙሪያዋ ምን እንደታየ። እስኪጨርሱ ድረስ አታቁም። ካልመጣህ አልገባም።

ቶሎ ና። ፈርቻለሁ።

ኤኩዋ

(ከስሟ በላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቃል ሰርዢያት ብላኛለች። ሰረዝኳት ብያታለሁ። አዶማ)